«ዋጋ በኢንቦክስ» ያልኩበት ዓመት

የፌስቡክ ገጼንና የቴሌግራም ቻናሌን የከፈትኩት በግንቦት 2012 ነው። ኮሮና ገብቶ የምሠራበት ሆቴል «ነገሩ እስኪለይለት» ብሎ ወደ ቤት ላከን፤ ሳይለይለት ቀረ። እናቴ ባልትና ትችላለች፣ እኔ ስልክ መነካካት እችላለሁ። ሌላ የነበረን ነገር ቢኖር አንድ ሚዛንና ጎረቤት ያዋሰችን የላስቲክ ማሸጊያ ነው።

አሁን አሁን ከቤታቸው እየሠሩ መሸጥ የጀመሩ ሴቶች «ገበያውን እንዴት አገኘሽው?» እያሉ ይጠይቁኛል። ለእያንዳንዷ በድምፅ ስመልስ ለአንዷ የነገርኩትን ለሌላዋ እረሳዋለሁ። ስለዚህ ያበላሸሁትንም የቀናኝንም እዚህ ልጻፈው። የምሸጠው ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና በሶ ስለሆነ ጫማ ወይም ሽቶ ለሚሸጥ ሰው ሁሉም ላይሠራለት ይችላል። እያጣራችሁ ውሰዱ።

ስጀምር መጀመሪያ ገንዘብ ያወጣሁት ለሎጎ ነው። ግራፊክስ የሚሠራ የሰፈራችን ልጅ መሃሉ ላይ ወርቃማ ሙቀጫ፣ ዙሪያውን ቅጠል አድርጎ ሠራልኝ። ያምር ነበር። ሎጎውን ከኢንተርኔት ባወረድኳቸው ፎቶዎች ላይ እየለጠፍኩ በቀን ሦስት ጊዜ እለቅ ጀመር። አንድ ቀን ፌስቡክ ላይ አንዲት ሴት ከፎቶው ሥር «እህቴ፣ ይሄ እኮ የህንድ ቃሪያ ነው» ብላ ጻፈች። እውነቷን ነበር። የማረቆ ዛላ ጠቆር ያለ ቀይ ነው፤ ሲደርቅ ቆዳው ይጨማደዳል። እኔ የለጠፍኩት ቀጭን፣ ደማቅ፣ የሚያብለጨልጭ ነገር ነበር። አፍሬ ኮመንቱን አጠፋሁት፤ ሴትየዋንም ብሎክ አደረግኳት። ዛሬ ድረስ የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ፎቶ አይቶ የበርበሬ ዝርያ የሚለይ ሰው እኮ በርበሬ የሚገዛ ሰው ነው። የመጀመሪያዋን እውነተኛ ደንበኛዬን በገዛ እጄ አባረርኳት።

ሁለተኛው ጥፋቴ «ዋጋ በኢንቦክስ» ነው፤ ዋጋውን በይፋ ሳይጽፉ በግል መልእክት ጠይቁኝ ማለት። ሁሉም ሲያደርገው አየሁ፣ እኔም አደረግኩ። ምክንያት ብትሉኝ ሌሎች ባልትና ሻጮች ዋጋዬን አይተው ከሥሬ ይገባሉ የሚል ፍርሃት ነበረኝ። የሆነው ግን ሌላ ነው። ሰው ከምሽቱ አራት ሰዓት «ስንት ነው?» ብሎ ይጽፋል፣ እኔ ጠዋት ወፍጮ ቤት ተሰልፌ አየዋለሁ፣ ስመልስለት ነገሩ ቀዝቅዟል። አንድ ሳምንት ቆጠርኩ፤ 41 ሰው ዋጋ ጠይቆ ያዘዙት 5 ብቻ ናቸው። ከዚያ በላይ ያስደነገጠኝ ግን አንዷ ደንበኛ ኋላ ላይ የነገረችኝ ነው፦ «ዋጋ ስትደብቂ የፕሮፋይል ፎቷችንን እያየሽ የምትተምኚብን ነው የሚመስለን። ውጭ አገር የተነሳ ፎቶ ያለው ሰው ይጨመርበታል ይባላል።» እኔ አላደርገውም ነበር፤ ግን እንደማላደርገው በምን ታውቃለች?

የዋጋ ዝርዝሩን ቻናሉ ላይ ፒን ሳደርገው፣ ማለትም ሁልጊዜ ከላይ እንዲታይ ሳስቀምጠው፣ የመልእክቱ ብዛት ከግማሽ በታች ወረደ። ደንግጬ ነበር። ቀስ ብዬ ሳየው ግን የሚመጣው መልእክት ተቀይሯል። «ስንት ነው?» ቀርቶ «ለገርጂ መቼ ይደርሳል?» ሆኗል። ሥር የሚገቡት ተፎካካሪዎችስ? ገቡ። በኪሎ 20 ብር ቀንሰው ሸጡ። ከኔ ወደ እነሱ የሄደ ሰው ቢኖርም ያን ያህል አልጎዳኝም፤ ምክንያቱም በርበሬ ላይ የሰዉ ዋና ጥያቄ ዋጋ አይደለም። ዋናው ጥያቄ «ውስጡ ምን አለበት?» ነው። ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬ ተያዘ ሲባል ያልሰማ የአዲስ አበባ ሰው የለም። የተፈጨ በርበሬ ከማያውቀው ሰው የሚገዛ ሁሉ ከልቡ እየፈራ ነው የሚገዛው።

ይሄን ያስተማረኝ አንድ ቪዲዮ ነው።

ጥር 2014 ላይ 30 ኪሎ የማረቆ ዛላ አስመጥተን ጀሞ ካለው ኮንዶሚኒየማችን ኮሚናል ፊት ለፊት ሸራ ላይ አስጥተነዋል። እናቴ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ በነጠላዋ አፍና አፍንጫዋን ሸፍና ትቀነጥሳለች። እኔ ደግሞ ለቲክቶክ የሚሆን ሙዚቃ መርጬ፣ ከጎን፣ ከላይ፣ ከታች እያልኩ እቀርጻለሁ። በመጨረሻ ትዕግሥቷ አለቀ። «አንቺ ልጅ! ፀሐይ የሚሞቀው በርበሬው ነው ወይስ ስልኩ? ነይ ቀንጥሺ!» አለችኝ። ከዚያ ራሷ አንድ ዛላ አነሳችና በሁለት እጇ ሰንጥቃ ወደ ስልኩ አስጠጋችው። «እይ፣ ከላይ ስታዪው ጤነኛ ነው። ውስጡ ግን ይሄው፣ ነጭ ሻጋታ። ይሄ አንዱ ከገባ ያ ሁሉ ልፋት አፈር በላ» ብላ ወረወረችው። ወዲያው አስነጠሳት። ሦስት ጊዜ።

48 ሰከንድ ነው። ሙዚቃም ጽሑፍም ሳልጨምርበት እንዲያው ለቀቅኩት። ከዚያ በፊት አንድ ቪዲዮዬን ቢበዛ 300 ሰው ያየው ነበር፤ ይሄኛው በአራት ቀን ከ60,000 አለፈ። ኮመንቱን ብታዩት! «ማዘርን አምናለሁ» ያለው ሰው ብዛት! ስለ በርበሬ ሻጋታ መርዝ፣ አፍላቶክሲን ስለሚባለው ነገር፣ መጀመሪያ የሰማሁት ራሱ እዚያ ኮመንት ላይ አንድ የላብራቶሪ ባለሙያ ሲያስረዳ ነው፤ እናቴ ስሙን ሳታውቀው ስትለቅመው ኖራለች። ወደ ሽያጭ ስንመጣ ግን አትታለሉ፦ ከ60,000 ተመልካች ያዘዘኝ 23 ሰው ነው። ሃያ ሦስት። ከነሱ ውስጥ 14ቱ ዛሬም ይገዙኛል።

ከዚያ ወዲህ የምለቀው ሥራውን ነው፤ ዕቃው በሥራው ውስጥ ራሱን ያሳያል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ሲደለዝ፣ በሶብላው ሲደርቅ፣ ኮረሪማው ሲፈለፈል። ከሁሉም ብዙ ሰው ያስገዛልኝ የወፍጮው ነው። ወፍጮ ቤት ስትሄዱ ከእናንተ በፊት የተፈጨው እህል ድንጋዩ ውስጥ ይቀራል፤ ጤፍም ሊሆን ይችላል፣ በቆሎም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጣሳ በርበሬ ለብቻ አውጥቼ ለቤታችን አስቀረዋለሁ። ያንን ቀረጽኩት። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መጀመሪያ «ገቢዎች ያየዋል» ብሎ ከልክሎኝ ነበር፤ ኋላ የወፍጮውን አፍ ብቻ እንድቀርጽ ፈቀደልኝ። አሁን ሌሎች ባልትና ሠሪዎች «ቪዲዮው ላይ ያለው ወፍጮ የት ነው?» እያሉ ይመጡለታል፤ ቅናሽ እንኳን አላደረገልኝም።

ያልሠራውንም ልንገራችሁ። እናቴን ወረቀት ጽፌ ሰጥቻት እንድትናገር አደረግኩ፤ እንደ ዜና አንባቢ ቀጥ ብላ «ውድ ደንበኞቻችን» አለች። ማንም አላየውም፤ ደግ አደረጉ። «ሼር አድርጉና ተሸለሙ» የሚለውንም ሞከርኩት። 900 ሰው ገባ፣ ሽልማቱ ሲወጣ ገሚሱ ወጣ፣ የቀረው እስከ ዛሬ አንድ ኪሎ አልገዛም።

የቱ ላይ ልሥራ ለምትሉ፦ ለኔ ቲክቶክ የማያውቀኝን ሰው ያመጣልኛል፣ ቴሌግራም የመጣውን ያቆይልኛል። ፌስቡክ ላይ ከዕድሜ ጠና ያሉና ውጭ ያሉ ሰዎች አሉ። ኢንስታግራም ለኬክና ለልብስ እንጂ ለሽሮ አልሆነልኝም። ዓረብ አገር ላሉ እህቶቻችን ደግሞ ኢሞ የሚባለውን የኢንተርኔት መደወያ ካልያዛችሁ የላችሁም።

ቴሌግራም ላይ በየቀኑ አትለጥፉ። እኔ በየቀኑ ስለጥፍ ሰው አልወጣም፤ ድምፄን አጥፍቶ ተቀመጠ፣ እሱ ደግሞ ከመውጣት ይብሳል። አሁን በሳምንት ሁለት ጊዜ ነው። ከላይ ፒን የተደረገው ጽሑፍ ላይ ዋጋ፣ ስልክ ቁጥር፣ የማደርስበት ቀን አለ፦ ማክሰኞ በመገናኛ፣ በገርጂ፣ በሲኤምሲና በአያት መስመር፤ ዓርብ በሳሪስ፣ በሜክሲኮና በአየር ጤና መስመር። መጀመሪያ ላይ «በፈለጋችሁበት ሰዓት እናደርሳለን» እል ነበርና ለአንድ ኪሎ ሽሮ ሞተረኛው የሽሮውን ግማሽ ዋጋ ይወስድ ነበር። ቀን ሲቆረጥለት ሰው አልተቀየመም። እንዲያውም «ነገ ማክሰኞ ነው፣ ትዕዛዝ እስከ ማታ 2 ሰዓት» የሚለው መልእክት ከየትኛውም ቪዲዮ በላይ ያሸጥልኛል።

የጾሙንና የበዓሉን ጊዜም አስቀድማችሁ ያዙ። የሁዳዴ ሽሮ የሚሸጠው ጾሙ ሲገባ አይደለም፤ ከመግባቱ ሁለት ሳምንት በፊት ነው። ለፍልሰታም እንደዚያው። በጾሙ የመጀመሪያ ሰኞ ብትለጥፉት ሰዉ ከሌላ ገዝቶ ጨርሷል።

እንግዲህ ስለ ሁዳዴ ካነሳሁ የ2015ቱን ልንገራችሁ። የካቲት 2 ቀን፣ ያ የሲኖዶሱ ውዝግብ በነበረ ሰሞን፣ ፌስቡክም ቴሌግራምም ቲክቶክም ተዘጉ። ጾሙ የሚገባው የካቲት 13 ነው። አንድ ኩንታል ሙሉ ምጥን ሽሮ አስፈጭቼ ቤት ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ ገበያዬ በሙሉ ያለው ስልኬ ውስጥ ነው፤ ስልኬ ደግሞ አይከፍትም። የተዘጋውን የሚያስከፍተውን መተግበሪያ፣ ቪፒኤን የሚጠቀም ሰው ነበር፤ ግን ደንበኞቼ ብዙዎቹ እናቶች ናቸው። «ቪፒኤን አውርዱ» ብዬ የምነግራቸው ራሱ በምን መንገድ ነው?

የዳንነው በእናቴ ደብተር ነው። ገና ከመጀመሪያው ጀምሮ የገዛንን ሰው ስም፣ ስልክ፣ ሰፈር፣ «ጨው ይቀነስ»፣ «ኮረሪማ አይወዱም» እያለች ትጽፍ ነበር። እኔ እስቅባት ነበር፤ «ቴሌግራም ላይ እኮ ሁሉም አለ» እያልኩ። 212 ስልክ ቁጥር አገኘሁበት። ለሁሉም አጭር የጽሑፍ መልእክት ላክሁ፤ ለድሮዎቹ ደወልኩ። ሽሮው ጾሙ ከገባ በሦስተኛው ሳምንት አለቀ። ማኅበራዊ ሚዲያው የተከፈተው ሐምሌ ላይ ነው፣ ከአምስት ወር በኋላ። በዚያ መሃል በተከታዮቹ ብዛት እቀናበት የነበረ አንድ ጎበዝ ሻጭ ጠፍቶ ቀረ። ስለዚህ አንድ ሰው ሲያዛችሁ ስልኩንና ሰፈሩን የዚያኑ ቀን ደብተር ላይ አስፍሩ። ስልክ ላይ ብቻ አይደለም፤ ስልክም ይሰረቃል።

ስለ ቡስት፣ ማለትም ለፌስቡክ ከፍሎ የለጠፉትን ለብዙ ሰው ስለማሳየት፣ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ፌስቡክ ማስታወቂያ የሚከፈለው በዶላር ካርድ ስለሆነ አብዛኞቻችን በብር ተቀብሎ የሚያሠራ ሰው እንፈልጋለን። እኔም አንዱን አገኘሁ። «ገጹን ለመቆጣጠር አድሚን አድርጊኝ» አለኝ፤ አደረግኩት። የመጀመሪያው ቡስት ሠራ፣ ሁለተኛው ላይ በሒሳብ ተጣላን፣ በማግሥቱ ከገዛ ገጼ ወጥቼ አደርኩ። 3,400 ተከታይ ይዞ ሄደ። አሁን የሞባይል ዕቃ ይሸጥበታል። ለማስታወቂያ ሠራተኛ ሙሉ አድሚንነት አይሰጥም፤ ማስታወቂያ የመሥራት ፈቃድ ብቻ መስጠት ይቻላል፣ የገጹ ሴቲንግ ውስጥ አለ። ይሄን አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ!

ቡስቱ ራሱ ይጠቅማል ወይ ካላችሁ፦ አዲስ አበባን ብቻ መርጣችሁ፣ ላይክ ሳይሆን መልእክት እንዲያመጣ ካደረጋችሁት አልፎ አልፎ ይጠቅማል። መላ ኢትዮጵያን መርጬ ያደረግኩት ጊዜ 1,100 ላይክና ሁለት ትዕዛዝ አገኘሁ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ ደግሞ ሒሳቡ ሌላ ነው። ብር በገበያ ይተመን ሲባል 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ 100ን አለፈ። የ10 ዶላር ቡስት ለኔ የአንድ ሳምንት የሞተረኛ ሒሳብ ሆነ። ተውኩት።

አሁን ወደ ሌቦቹ። 2016 ላይ በቻናሌ ስም አንድ ፊደል ብቻ የተጨመረበት ሌላ ቻናል ተከፈተ። ፎቶዎቼን፣ የእናቴን ቪዲዮ ሳይቀር ገልብጦ፣ ከዋጋዬ ቀንሶ፣ «ቀብድ በቴሌብር» ይላል። ሰባት ሰው ከፍሎ ወደኔ ደወለ። አንዷ አለቀሰች፤ ለተዝካር ነበር የፈለገችው። የሷን በራሴ ኪሳራ ላክሁላት፤ የሁሉንም ግን አልቻልኩም። ሪፖርት አደረግን፣ ቻናሉ ከብዙ ቀን በኋላ ተዘጋ፣ በሌላ ስም ደግሞ ተከፈተ። ያኔ አንድ ነገር ወሰንኩ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ቀብድ የሚባል ነገር አልቀበልም፣ ክፍያ ዕቃው በር ላይ ሲደርስ ነው። ይሄንንም በየለጠፍኩት ሁሉ ሥር እጽፋለሁ። ቀብድ የጠየቃችሁ ሰው እኔ አይደለሁም ማለት ነው። በር ላይ ሲደርስ «ሐሳቤን ቀይሬያለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፣ የሞተረኛው ሒሳብ በኔ ይሆናል። እችለዋለሁ።

በር ላይ ክፍያም የራሱ ጉድ አለው። የተቀባባ ስክሪንሾት አሳይቶ «ልኬያለሁ» የሚል አለ። ሞተረኛዬ አሁን ስክሪንሾት አያይም፤ ይደውልልኛል፣ ከባንኩ ወይም ከቴሌብር መልእክቱ ለኔ ስልክ መግባቱን፣ ሒሳቤም መጨመሩን አይቼ «ስጠው» እለዋለሁ። ኔትወርክ ከዘገየ አብረው ይቆማሉ። አንዳንዱ ደንበኛ ይከፋዋል፤ ረጋ ብሎ ማስረዳት ነው። ሌላው ደግሞ አካውንታችሁን ለመንጠቅ «የገባልሽን ኮድ ላኪልኝ» የሚለው ነው። የእህታችሁ ስምና ፎቶ ቢኖረውም አትላኩ። ቴሌግራማችሁ ላይ ሁለተኛውን የይለፍ ቃል ዛሬውኑ አብሩት፤ ቻናላችሁ ሱቃችሁ ነው፣ ሱቅ ደግሞ ያለ ቁልፍ አይታደርም።

ከዚህ ሁሉ የማልረሳው ግን አንድ ትዕዛዝ አለ። ሪያድ ቤት ሠራተኛ የሆነች ልጅ ቪዲዮውን አይታ በኢሞ ደወለች። ደሴ ላለች እናቷ አምስት ኪሎ በርበሬና አምስት ኪሎ ሽሮ ፈለገች። ስታወራ በሹክሹክታ ነው፤ አሠሪዎቿ ተኝተዋል። «እቤት እንዳለሁ ሆኜ ላስፈጭላት ብዬ ነው» አለችኝ። ሲታሸግ ቀርጬ፣ የእናቷን ስም በላስቲኩ ላይ በማርከር ጽፌ አሳየኋት፣ ከመናኸሪያ በአውቶቡስ ላክሁት፤ የረዳቱን ስልክና የታርጋ ቁጥሩን ለታናሽ ወንድሟ ሰጠሁት። እናትየው ሲረከቡ የተቀረጸውን ልጅቷ መልሳ ላከችልኝ። ብለጥፈው ስንት ሰው እንደሚያየው ታውቁታላችሁ። ጠየቅኳት፤ «ይቅር፣ እማዬ ነጠላዋን አልለበሰችም» አለችኝ። ስልኬ ውስጥ አለ፤ አልለጠፍኩትም። ከደሴ ግን እስከ ዛሬ ስምንት ቤት ያዘኛል፤ ሁሉም የዚያች ሴት ጎረቤትና ዘመድ ናቸው። አንዳቸውም ቲክቶክ የላቸውም።

ዘንድሮ ዛላ ተወደደ። ዋጋ መጨመር ነበረብኝና ሦስት ቀን አመነታሁ። በመጨረሻ ሚዛኑን ካሜራ ፊት አቀረብኩት፦ 10 ኪሎ ዛላ ስንገዛ የተቀበልነውን ደረሰኝ፣ ከዚያ ተቀንጥሶ የወጣውን እንጭጭና የሻገተ ለብቻ መዝኜ፣ 1 ኪሎ ከ300 ግራም፣ ከዚያ የወፍጮውን። ሥሩ ላይ አዲሱን ዋጋ ጻፍኩ፤ ይቅርታም ምክንያትም አልደረደርኩም። በዚያ ሳምንት ከቻናሉ 60 የሚሆን ሰው ወጣ። የቀሩት ዝም አሉ። ማታ ላይ ከሲኤምሲ አንዷ የድሮ ደንበኛ ጻፈችልኝ፦ «ማዘር ሲቀነጥሱ አስነጥሷቸዋል?» «አዎ፣ ዛሬም» አልኳት። «እንግዲያው ሦስት ኪሎ።» ማክሰኞ ይደርሳታል።